አንድ አረጋዊና አንድ ሕፃን

የገዳም ነገር ሲነሣ በብዙዎቻችን ኅሊና የሚሣለው ገደል፣ ዋሻ፣ ደሴትና ከዓለም የተለየ ሕይወት ነው። በድሬዳዋ አስተዳደር ውስጥ በምትገኘው በቢዮ አዋሌ የሚኖር አንድ ኦርቶዶክሳዊ ቤተሰብ በታኅሣሥ 19 ወይም በሐምሌ 19 ቀን ወደ ቍልቢ ገብርኤል ወጥቶ ስእለቱን ያገባ ይሆናል፤ ደብረ ዳሞንና ሐይቅ እስጢፋኖስን ግን ስማቸውን እየሰማ መልካቸውን ሳያይ ዕድሜውን ሊፈጽም ይችላል። ስለዚህ «የገዳም ነገር የመነኮሳት ጉዳይ ነው፤ ልጅ ለምናሳድግ፣ ቤት ለምናስተዳድር ለእኛ ምን ይመለከተናል?» ቢል የሚያስደንቅ አይሆንም።

ነገር ግን በዚያው ቤት ልጁ ዳዊት ሲደግም፣ እናቲቱ በእሑድ ጧት ቆማ ዜማውን ስትሰማ፣ አባትየውም ወንጌል ሲነበብ ራሱን ዘንበል ሲያደርግ፣ ሦስቱም ሳያስተውሉት ከገዳም የወጣ እንጀራ ይመገባሉ። ይህ እንጀራ እንዴት እንደ ደረሰንና እንዴትስ ሊጠፋ እንደሚችል ለማስረዳት፣ የራሳችንን የገዳም ታሪክ ከአንድ ሩቅ አገር ታሪክ ጋር አስተያይተን ለማቅረብ አስበናል። አገሩ እንግሊዝ ነው፤ ዘመኑም አንግሎ ሳክሶን የተባሉት ነገዶች ጣዖትን ትተው ክርስትናን የተቀበሉበት ዘመን ነው። በጽሑፋችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ምንጩ አንድ ነው

ገዳማዊ ሕይወት የተስፋፋው ከግብፅ በረሓ ነው። በዚያ ቅዱስ እንጦንስ ብቻውን በመጋደል፣ ቅዱስ ጳኵሚስ ደግሞ ብዙ መነኮሳትን በአንድ ሥርዐት፣ በአንድ ማዕድና በአንድ ጸሎት ሰብስቦ በማኖር ለኋለኛው ትውልድ መንገድ ጠረጉ። የዚህ ዘር ወደ ደቡብም ወደ ሰሜንም እንዲደርስ ያደረገ አንድ ታላቅ አባት አለ፤ እርሱም የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ጳጳስ ፍሬምናጦስን፣ ማለት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ በ4ኛው ምእት ዓመት የሾመ እርሱ ነው። ቅዱስ እንጦንስ በ356 ካረፈ በኋላ የተጋድሎውን ታሪክ የጻፈውም እርሱ ነው። መጽሐፉ ብዙ ሳይቆይ ወደ ላቲን ቋንቋ ተተርጕሞ በምዕራብ አገሮች ሁሉ ተነበበ፤ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም በእንግሊዝ ሰሜን የመናኙን የኩትበርትን ገድል የጻፈ አንድ መነኩሴ ከዚያ መጽሐፍ ቃል እየተዋሰ ጽፏል።

በ451 ከተደረገው ከኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ የሮም መንበርና የእስክንድርያ መንበር እንደ ተለያዩ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። አንግሎ ሳክሶኖችም የሮምን መንበር የተከተሉ ስለ ሆኑ በሃይማኖት መንገድ ከእኛ ይለያሉ። ስለ ገዳም ሥር ሲነገር ግን ሁለቱ ወንዞች የተቀዱበት ምንጭ ከመለያየቱ በፊት የነበረው የግብፅ በረሓ ነው።

ነገሥታት በሩን ከፈቱ

በአክሱም ክርስትና በቤተ መንግሥት በኩል ገባ። ፍሬምናጦስ ከጢሮስ የመጣ ወጣት ሳለ በንጉሡ ቤት አደገ፤ ንጉሥ ኢዛናም ባመነ ጊዜ በገንዘቡ ላይ ይታተም የነበረውን የጨረቃና የፀሐይ ምልክት አንሥቶ መስቀልን አኖረ። በመስቀል የታተመ ገንዘብ በገበያ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ ፊደል የማያውቅ ሰው እንኳ የመንግሥቱ ሃይማኖት እንደ ተለወጠ ያውቅ ነበር።

በእንግሊዝ አገርም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። የሮም ጳጳስ ጎርጎርዮስ በ596 አውግስጢኖስ የተባለውን መነኩሴ ከባልንጀሮቹ ጋር ላከው፤ መነኮሳቱም የማያውቁትን ሕዝብና የማያውቁትን ቋንቋ ፈርተው ከመንገድ ሊመለሱ አስበው ነበር። በጳጳሱ ማጽናኛ በርትተው፣ በ597 አርባ ያህል ሆነው በኬንት ምድር ወረዱ። የኬንት ንጉሥ ኤተልበርት ምትሐት እንዳይሠሩበት ስለ ሠጋ በቤት ውስጥ ሊቀበላቸው አልወደደም፤ በሜዳ ላይ ተቀምጦ ነገራቸውን ሰማ። ነገር ግን ባለቤቱ ንግሥት ቤርታ አስቀድማ ክርስቲያን ነበረች፤ ከአባቷ አገር ከፈረንጆች ምድር የመጣ ጳጳስም አብሯት ነበረ፤ እርሷም በካንተርቤሪ በቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ትጸልይ ነበር። ስለዚህ መነኮሳቱ ከመድረሳቸው በፊት የአንዲት ሚስት ጸሎት በዚያ ቤት ለብዙ ዓመት ሲያዘጋጅ ቈይቶ ነበር ብንል አንሳሳትም።

ንጉሥ በሩን ይከፍታል፤ ቤቱን የሚሠራ ግን ሌላ ነው። በአክሱም ከኢዛና በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ፣ በ5ኛው ምእት ዓመት መጨረሻና በ6ኛው መጀመሪያ፣ ተስዓቱ ቅዱሳን መጡ፦ አባ አረጋዊ፣ አባ ጰንጠሌዎን፣ አባ ገሪማ፣ አባ አፍጼ፣ አባ ጉባ፣ አባ አሌፍ፣ አባ ይምዓታ፣ አባ ሊቃኖስና አባ ጽሕማ ናቸው። ከቤተ መንግሥት ወጥተው በየተራራው ተበተኑ፤ ገዳም መሠረቱ፤ ቅዱሳት መጻሕፍትን ወደ ግዕዝ በመመለስ ሥራ ተሳተፉ፤ የቅዱስ ጳኵሚስም ሥርዐት በዚሁ በአክሱም ዘመን በግዕዝ ተነበበ። በእንግሊዝ ሰሜንም ንጉሥ ኦስዋልድ በ635 ከአዮና ደሴት ገዳም አይዳን የተባለውን መነኩሴ አስመጣ። አይዳን የአገሩን ቋንቋ ገና አጥርቶ ስላላወቀ፣ እርሱ ሲሰብክ ንጉሡ ራሱ ለመኳንንቱ ይተረጕም ነበር። ንጉሥ አስተርጓሚ፣ መነኩሴ ተናጋሪ የሆኑበት ይህ ሥዕል የዚያን ዘመን መንፈስ ከብዙ ቃል ይልቅ ይገልጠዋል።

ገመድና ማዕበል

ደብረ ዳሞን ያየ ሰው ገመዱን አይረሳም። አምባው ዙሪያውን ገደል ስለ ሆነ፣ ወደ ላይ የሚወጣው ሰው ዐሥራ አምስት ሜትር ያህል በገመድ ተስቦ ይወጣል። አቡነ አረጋዊ ዘንዶ እንደ ገመድ ሆኖላቸው ወጡ ሲል ገድላቸው ይናገራል፤ ሥዕላቸውም በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ይህንኑ ያሳያል። ለአይዳንም የተሰጠው ስፍራ ሊንዲስፋርን የሚባል ደሴት ነበረ። በዚያ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ መንገዱን ይሸፍነዋል፤ ሁለት ጊዜም ሸሽቶ መንገዱን ይከፍተዋል።

በአንዱ ገመድ፣ በሌላው ማዕበል በረኛ ሆነ። ይሁን እንጂ ሁለቱም ገዳማት ሰውን ለማራቅ ብቻ የተሠሩ አልነበሩም። ከደብረ ዳሞ አምባ ላይ የተማሩ አባቶች ወርደው በሐይቅና በሸዋ ገዳማትን ተከሉ፤ ከሊንዲስፋርንም መነኮሳት በእግራቸው እየዞሩ በየመንደሩ አስተማሩ። ገዳም የሚዘጋው ጸሎቱን ለመጠበቅ ነው፤ የሚከፈተው ደግሞ የጠበቀውን ለማካፈል ነው።

ሁለት የዜማ ሰዎች

በሁለቱም አገሮች ከመጀመሪያዎቹ የገዳም ዘመናት የሚነገር የዜማ ታሪክ አለ። የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ልጆቻችን ያውቁታል፦ ትምህርት አልገባህ ብሎት ከመምህሩ ከአባ ጌዴዎን ዘንድ ሸሸ፤ በመንገድም አንዲት ትል ከዛፍ ላይ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትወጣ አይቶ ተመለሰ፤ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመንም በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ዜማውን ሰጠን።

በእንግሊዝም ዊትቢ በተባለው ገዳም ቄድሞን የሚሉት ላም ጠባቂ ነበር። በግብዣ ላይ በገና ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ መዝፈን ስለማያውቅ ተራው ሳይደርሰው በሐፍረት ተነሥቶ ወደ ከብቶቹ በረት ይሄድ ነበር። አንድ ሌሊት በሕልሙ አንድ ሰው የፍጥረትን መጀመሪያ በዜማ እንዲናገር አዘዘው፤ እርሱም ሰምቶት የማያውቀውን ምስጋና አሰማ። ገዳሙን ታስተዳድር የነበረችው እመምኔት ሂልዳ በሊቃውንት ፊት አስመርምራ ተቀበለችው፤ እርሱም መንኵሶ ቀሪ ዘመኑን መጻሕፍትን በአገሩ ቋንቋ በግጥም ሲናገር ኖረ።

ሁለቱም ሰዎች ከሰው ፊት በሐፍረት የሸሹ፣ በኋላ ግን የአንድ ሕዝብ አፍ የሆኑ ናቸው። ልዩነቱ በፍጻሜው ነው። የቄድሞን ድርሰት ነው ተብሎ በእርግጥ የሚታወቀው ዛሬ ዘጠኝ መስመር ብቻ ነው፤ እርሱንም የሚያውቁት በዩኒቨርሲቲ የጥንቱን ቋንቋ የሚያጠኑ ናቸው። የቅዱስ ያሬድ ድጓ ግን ዛሬም በየደብሩ ይቆማል፤ ድሬዳዋ ቢሉ ጎንደር፣ አዲስ አበባ ቢሉ አክሱም፣ ካህናቱ ከቃላቸው ያወጡታል። ልዩነቱ ከየት መጣ? ወደዚህ ጥያቄ የሚያደርሰን የሚከተለው ታሪክ ነው።

በጃሮው የሆነው

ቤኔዲክት ቢስኮፕ የተባለ መኰንን የነበረ መነኩሴ በ674 በዌርማውዝ፣ ጥቂት ቈይቶም በጃሮው ገዳማትን መሠረተ። ወደ ሮም ደጋግሞ እየተጓዘ መጻሕፍት ገዝቶ ያመጣ ነበር። በዚያው ዘመን በካንተርቤሪ ሁለት የውጭ አገር ሊቃውንት ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር፤ አንደኛው የጠርሴስ ተወላጅ የነበረው ሊቀ ጳጳስ ቴዎድሮስ፣ ሁለተኛው በትውልዱ አፍሪካዊ የነበረው አበምኔት ሐድርያኖስ ነው። የእንግሊዝ ክርስትና በሕፃንነቱ የጠባው ወተት ከሮምና ከአየርላንድ ብቻ ሳይሆን ከእኛው ክፍለ ዓለምም ጭምር መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም።

በ686 ገደማ በጃሮው ገዳም ቸነፈር ገባ። ማንበብና ተራ እየተቀባበሉ ማዜም የሚችሉት መነኮሳት ሁሉ አለቁ፤ የቀሩት አበምኔቱ ቼኦልፍሪትና እርሱ ያሳደገው አንድ ትንሽ ልጅ ብቻ ነበሩ። አበምኔቱ እጅግ አዘነ፤ ሁለት ሰው ሙሉውን ሥርዐት ሊያደርስ አይችልምና የመዝሙሩን ቅብብል ትተው በንባብ ብቻ እንዲጸልዩ አዘዘ። አንድ ሳምንት እንዲህ በእንባና በኀዘን አለፈ። ከዚያ ወዲያ ግን አበምኔቱ ሊታገሠው አልቻለም፤ ሥርዐቱ እንደ ቀድሞው ይሁን አለ። አረጋዊው በአንድ ወገን፣ ሕፃኑ በሌላው ወገን ቆመው፣ በብዙ ድካም እየተቀባበሉ፣ ሌሎች ሰዎች ተምረው እስኪደርሱላቸው ድረስ ማኅሌቱን ሳያስታጕሉ ቈዩ።

ያ ሕፃን ቤድ ሳይሆን አይቀርም ሲሉ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ቤድን ዘመዶቹ በሰባት ዓመቱ ለገዳሙ ሰጥተውት ነበር። አድጎ የእንግሊዝን ሕዝብ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ በ731 ጽፎ ፈጸመ፤ ከላይ የነገርናችሁን የኤተልበርትን፣ የአይዳንንና የቄድሞንን ታሪክ ለዓለም ያቈየው እርሱ ነው። በ735 በዕርገት ዋዜማ ሊሞት ሲል የዮሐንስን ወንጌል ወደ አገሩ ቋንቋ እየተረጐመ ለአንድ ልጅ ያጽፍ ነበር። ልጁ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እንደ ቀረ አሳሰበው፤ ያንንም ተናገረ፤ ልጁም ጻፈ። ከዚያ ቀደም ብሎ በሣጥኑ የነበረውን ጥቂት ቍንዶ በርበሬ፣ ጨርቅና ዕጣን ለካህናቱ አከፋፍሎ ነበር፤ ሀብቱ ይኸው ነበረ። በቸነፈሩ ዘመን ከአረጋዊ ጋር የቆመ ሕፃን፣ አርጅቶ በሞቱ ቀን ከጎኑ ሌላ ልጅ ነበረው። ገዳም ማለት ይህ ነው።

የእኛ ሰንሰለት

በአገራችንም አባቶች የምንኵስናን የትውልድ ሐረግ ሲቈጥሩ ከእንጦንስ ወደ መቃርስ፣ ከመቃርስ ወደ ጳኵሚስ፣ ከጳኵሚስ ወደ አቡነ አረጋዊ ያወርዱታል። ከደብረ ዳሞም በአባ ዮሐኒ በኩል ወደ አባ ኢየሱስ ሞአና ወደ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ይደርሳል። አባ ኢየሱስ ሞአ በ1248 ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ መጥተው ገዳሙን የትምህርትና የመጻሕፍት ቤት አደረጉት። ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በሸዋ ደብረ አስቦን ተከሉ፤ ይህም በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለው ነው። በዚህ ሐረግ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ስም አንድ ጊዜ ሕፃን ወይም ጐልማሳ ደቀ መዝሙር፣ አንድ ጊዜም አረጋዊ መምህር ነበረ።

ሰንሰለቱ ያልተፈተነበት ዘመን የለም። ሊንዲስፋርንን በ793 ከባሕር የመጡ ዘራፊዎች እንዳጠፉት፣ ደብረ ሊባኖስም በ1531 በጦርነት ተቃጠለ። በግንቦት 1937 ደግሞ በግራዚያኒ ትእዛዝ የጣሊያን ጦር መነኮሳቱን ፈጀ፤ ጦሩ ራሱ ባስተላለፈው ወሬ እንኳ በአንድ ጊዜ የተረሸኑት መነኮሳት 297 ናቸው፤ ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች የሞቱት በብዙ እጥፍ እንደሚበልጡ አሳይተዋል። ይሁን እንጂ ገዳሙ ተነሣ። ማኅሌቱ ዛሬ ይቆማል፤ ምክንያቱም የገደሉት መነኮሳቱን እንጂ ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት የሚልኩትን ቤቶች ሁሉ አልነበረምና።

የእንግሊዝ ገዳማት ግን በሌላ መንገድ ጠፉ። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ከ1536 እስከ 1540 ባለው ጊዜ 800 ያህል ገዳማትን በሕግ ዘጋ። በዚያ ቀን ግድግዳው ቆሞ ነበር፤ መጽሐፉም ነበር፤ የተቋረጠው አረጋዊው ከሕፃኑ የሚገናኝበት መንገድ ነው። ዛሬ መንገደኛ በሊንዲስፋርን የሚያየው ጣራ የሌለው ፍርስራሽ ነው።

መጽሐፉ የት ነው?

በ700 ገደማ በሊንዲስፋርን የተጻፈው በሐረግ ያጌጠ ወንጌል አሁን በለንደን በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በዚያው ሕንፃ ውስጥ ከመቅደላ የሄዱ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት አሉ። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሊሠሩት ላሰቡት ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የሰበሰቧቸውን የእንግሊዝ ጦር በ1868 ወሰዳቸው። ሁለቱም በመልካም ሁኔታ ተጠብቀዋል፤ ሙቀቱና እርጥበቱ ይለካላቸዋል። ነገር ግን በዚያ ሕንፃ «ተንሥኡ» የሚል ዲያቆን የለም።

በአድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ገዳም የጠበቃቸው ሁለት ወንጌሎች ከእነዚህ ሁሉ ይበልጣሉ። የብራናቸው ዕድሜ በሳይንስ መንገድ ሲመረመር ከ4ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ እስከ 7ኛው ምእት ዓመት ባለው ጊዜ እንደ ተጻፉ ታውቋል፤ በዓለም ላይ ካሉት ሥዕል ያለባቸው ጥንታውያን ወንጌሎችም መካከል ናቸው። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የጠበቃቸው የብረት ሣጥን ሳይሆን የመነኮሳት ተራ ነው። በ2020 በተነሣው የሰሜን ጦርነት ግን ገዳማት ተጐድተዋል፤ ከዚያም ወዲህ የአገራችን የብራና መጻሕፍት በውጭ አገር ለሽያጭ ሲቀርቡ እንደ ታዩ ተዘግቧል። ስለዚህ ነገሩ የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም።

ከቤተሰብ የሚጠበቀው

እንግዲህ በቢዮ አዋሌም ሆነ በሌላ ስፍራ፣ ከገዳማት ርቆ የሚኖር ቤተሰብ ምን ሊያደርግ ይችላል? ከባድ ነገር አንጠይቅም።

አንደኛ፦ ልጅ ዳዊት ይማር። ሁሉ መነኩሴ ይሁን ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን በአጥቢያው ካሉት አረጋዊ ካህን ፊት ጥቂት ወራት ተቀምጦ ግዕዝ ያነበበ ልጅ፣ ሐኪምም ይሁን ነጋዴ፣ ሲያድግ የሰንሰለቱ አንድ ቀለበት ይሆናል። ሁለተኛ፦ አኩፋዳውን አንግቶ ከደጃችን የሚቆመውን የአብነት ተማሪ በባዶ እጅ አንመልሰው። ለእርሱ የምንሰጠው ቍራሽ እንጀራ ነገ በማኅሌቱ በአንድ ወገን የሚቆመውን ሰው ማሳደጊያ ነው። ሦስተኛ፦ ከአያት የወረደ ወይም በደብሩ ዕቃ ቤት ያለ የብራና መጽሐፍ ቢኖር ለሻጭ አይሰጥ፤ የደብሩ አስተዳደር መዝግቦ እንዲይዘው እናሳስብ። ሰው ሲያቀርብልንም አንግዛ፤ ገዢ ያጣ ሌባ አይበረታም።

አራተኛው ከሁሉ ይቀላል፤ ከሁሉም ይረሳል። ዳዊቱ በመሶብ ወርቅ ተሸፍኖ፣ ወንጌሉ በመደርደሪያ ተቀምጦ፣ የቤቱ ልጅ ግን የሚያነብለት አጥቶ ሲያድግ፣ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት በእኛ ይፈጸማል። በቤት ውስጥ አያት ካለ አያት፣ ከሌለ እናት ወይም አባት፣ በማታ ጥቂት መስመር ያንብብ፤ ልጁም ተቀብሎ ያንብብ።

በጃሮው ቸነፈር ጊዜ ሥርዐቱን ያዳኑት ንጉሥና ሠራዊት አልነበሩም። በደብረ ዳሞም በሐይቅም ዜማው እስከ እኛ የደረሰው በዚሁ መንገድ ነው። ሁለት ድምፅ በቂ ነው፦ አንዱ የሚጀምር፣ አንዱ የሚቀበል። ቤታችን ከእነዚህ ሁለት ድምፆች ባዶ እንዳይሆን የአባቶቻችን አምላክ ይርዳን፤ አሜን።